የሊዮን እናቶች፦ ከሰው ቤት ማድ ቤት እስከ ስድስት ኮከብ

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1998 የምግብ ዓለም አንድ ትልቅ ዜና ሰማ። አላን ዱካስ የተባለው ፈረንሳዊ ሼፍ በሁለት ምግብ ቤቶቹ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ ስድስት የሚሽለን ኮከብ ያዘ። ይህን በማድረግ በታሪክ የመጀመሪያው ሰው ነው ተብሎም ተወራለት። ብዙም ሳይቆይ እርማት መጣ። ከ65 ዓመት በፊት፣ በ1933፣ ይህንኑ ያደረገች ሴት ነበረች። ስሟ ዩጄኒ ብራዚዬ ይባላል። በልጅነቷ አሳማ ጠባቂ፣ ኋላም የሰው ቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት ናት።

ይህን የሚያህል ሥራ እንዴት ሊረሳ ቻለ? መልሱ ያለው ብራዚዬ በኖረችባት በሊዮን ከተማ የምግብ ታሪክ ውስጥ ነው።

ሊዮን ሮንና ሶን የተባሉት ወንዞች የሚገናኙባት፣ በሐር ሥራ የበለጸገች የፈረንሳይ ከተማ ናት። ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ከሚጎበኘው ሕንፃ ይልቅ የሚበላውን አስቀድሞ ያስባል። ኩርኖንስኪ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው የምግብ ጸሐፊ በ1935 ሊዮንን የዓለም የምግብ መዲና ብሎ ሰይሟታል፤ ከተማዋም እስከ ዛሬ በዚህ ስም ትነግድበታለች።

ለዚህ ዝና የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት መሬቱ ነው። የብሬስ ዶሮ፣ የሻሮሌ የቀንድ ከብት፣ የቦዦሌ ወይን፣ የዶምብ ኩሬዎች ዓሣ፣ ሁሉም በከተማዋ ዙሪያ ይገኛሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ዶሮ ራሱን አይሠራም። ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ ነው ወደ ሴቶቹ የሚወስደው።

ከሥራ የተባረሩት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሊዮን የሐር ነጋዴዎችና ባለጸጎች በየቤታቸው ምግብ አብሳይ ነበራቸው። አብዛኞቹ አብሳዮች ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ናቸው። የባለጸጎቹ ሀብት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የቤት ሠራተኛ ሆነ። አንደኛው የዓለም ጦርነትና የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ደግሞ ይህን አባባሱት። ከሥራ የወጣችው ሴት በእጇ የቀራት ሙያዋ ብቻ ነበር። ጥቂት ጠረጴዛ አስገብታ የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች። ደንበኞቿም "ሜር" አሏት፤ እናት ማለት ነው። ስያሜው ከዚያ በፊትም የነበረ ነው። በ1759 በሮን ዳርቻ ኢል የተባለውን እባብ መሰል ዓሣ እየሠራች ታበላ የነበረችው ሜር ጊ የመጀመሪያዋ ተደርጋ ትጠቀሳለች።

ከእነዚህ እናቶች ስሟ ቀድሞ የገነነው ሜር ፊዩ ናት። የምታቀርበው የምግብ ዝርዝር አጭርና ለዓመታት የማይለወጥ ነበር፤ ሾርባ፣ ከዓሣ የሚድቦለቦል ኬኔል፣ አርቲቾክ፣ በመጨረሻም "የግማሽ ሐዘን ዶሮ"። ይህ ዶሮ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። ትራፍል የሚባለው ከመሬት ሥር የሚወጣ ጥቁር እንጉዳይ በስሱ ተቆርጦ ከዶሮው ቆዳ ሥር ይገባል። ሲቀቀል ነጩ ቆዳ ጥቁሩን ያሳያል፤ ሙሉ ጥቁር መልበስ እንዳበቃ ሐዘንተኛ። ፊዩ ዶሮውን ጠረጴዛው ድረስ መጥታ በገዛ እጇ ትቆርጠው ነበር።

አጭሩ ዝርዝር የድህነት ምልክት ሊመስል ይችላል። በእርግጥ ግን የንግድ ብልሃት ነበር። አራት ነገር ብቻ የምትሠራ ሴት ብዙ ሠራተኛ አያስፈልጋትም፤ የሚበላሽ ዕቃ አይኖራትም፤ አንዱን ምግብ ሺህ ጊዜ ደጋግማ ስለሠራችው ደግሞ የሚወዳደራት የለም።

የሠራተኛው መደብም የራሱ ቤት ነበረው፤ ቡሾን ይባላል። ጎሕ ሳይቀድ ሥራ የሚጀምሩት የሐር ሸማኔዎች ረፋድ ላይ "ማሾን" የሚባለውን ጠንካራ ምግባቸውን ይበሉ ነበር። ባለጸጋው ሥጋውን ሲወስድ ለእነሱ የተረፈው ጨጓራና ሆድ ዕቃ ነው። ዱለት ለሚወድ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ዛሬ ቱሪስቱ ከፍሎ የሚበላው የተጠበሰ ጨጓራ፣ 46 ሴንቲሊትር በምትይዘው የሊዮን ጠርሙስ የሚቀርበው ወይን፣ "የሸማኔ አንጎል" የሚባለው ቅመማ ቅመም የገባበት አይብ፣ ሁሉም የዚያ ሕይወት ቅርስ ነው።

የጎማ ነጋዴው መጽሐፍ

ሚሽለን የጎማ ፋብሪካ ነው። በ1900፣ በፈረንሳይ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ለአሽከርካሪዎች በነፃ የሚታደል የመንገድ መምሪያ አሳተመ። ሰው ብዙ ከተጓዘ ብዙ ጎማ ይገዛል የሚል ስሌት ነበር። በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ በ1931 ሁለትና ሦስት ኮከብ ተጨመረ። የሦስት ኮከብ ትርጉም ለዚያ ምግብ ብቻ ተብሎ ጉዞ ቢደረግ የሚያስቆጭ አይደለም ማለት ነው። ሊዮን ደግሞ ከፓሪስ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለች ማረፊያ ናት። የእናቶቹ ጓዳ ከአገሬው አልፎ ለመንገደኛው የታየው በዚህ አጋጣሚ ነው።

ብራዚዬ የተወለደችው በ1895 ብሬስ አካባቢ ነው። እናቷ የሞተችው እሷ አሥር ዓመት ሲሆናት ነበር። በ1914 ሳታገባ ስለወለደች አባቷ ከቤት አባረራት። ሊዮን ገብታ በአንድ ባለጸጋ ቤት ተቀጠረች፤ ከዚያም በሜር ፊዩ ማድ ቤት ሠራች። በ1921 ሩ ሮያል በተባለው መንገድ ቁጥር 12 ላይ በነበረች ትንሽ ሱቅ የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች። በኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ ኮል ደ ላ ሉዌር በተባለ ኮረብታ ላይ፣ መብራትም ጋዝም ባልነበረው የእንጨት ቤት ሁለተኛውን ጨመረች። በ1933 ሁለቱም ሦስት ሦስት ኮከብ አገኙ። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሊዮን ከንቲባ የነበረው ኤዱዋር ኤሪዮ ደንበኛዋ ነበር፤ ለከተማዋ ዝና ከእኔ ይልቅ እሷ ትሠራለች ይል እንደነበር ይነገራል። የመንግሥት የክብር ኒሻን ሲቀርብላት አልቀበልም አለች። ኒሻን ምግብ በደንብ ከማብሰል ለበለጠ ነገር መሰጠት አለበት የሚል ነበር ምክንያቷ።

"እናት" የሚለው ስም

በ1946 አንድ ወጣት ሙያ ሊማር ኮረብታው ላይ መጣ። ምግብ ከማብሰል ሌላ ላም ማለብና ልብስ መተኮስም ሥራው ነበር። ይህ ወጣት ፖል ቦኩዝ ነው። በ1965 ሦስተኛ ኮከቡን አገኘ፤ ስሙም ዓለምን ዞረ። ዛሬ የሊዮን ትልቁ የምግብ ገበያ በእሱ ስም ይጠራል። እሱ አስተማሪውን አልካደም። የተለወጠው የሙያው መልክ ነው። ነጭ ረጅም ባርኔጣ የደፋው ወንድ "ሼፍ" ተባለ፤ ሼፍ በፈረንሳይኛ አለቃ ማለት ነው። ሴቲቱ ግን "እናት" እንደተባለች ቀረች።

"እናት" የፍቅርና የአክብሮት ስም ነው፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። እናት ብታበስል ተፈጥሮዋ ነው ይባላል፤ አለቃ ሲያበስል ሙያ ይሆናል፤ ታሪክ ጸሐፊም ሙያን እንጂ ተፈጥሮን አይመዘግብም። ከብራዚዬ ጋር በ1933 ማሪ ቡርዥዋ፣ በ1951 ደግሞ ማርጌሪት ቢዝ ሦስት ኮከብ አግኝተዋል። ቀጣይዋ ፈረንሳዊት አን-ሶፊ ፒክ እስክትመጣ ግን 2007 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። በመካከሉ 56 ዓመት አለ። በ1998 የተፈጠረውን ስሕተት የወለደው ይህ ክፍተት ነው።

ብራዚዬ በ1977 አረፈች። የሩ ሮያል ቤቷ በ2008 በማቲዩ ቪያኔ እጅ እንደገና ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሼፉ ወንድ ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ግን ሜር ብራዚዬ ነው። ሊዮን ደርሶ እዚያ በር ላይ የሚቆም መንገደኛ ስሙን ሲያነብ፣ አንዲት ከአባቷ ቤት የተባረረች የገጠር ልጅ ከተማዋን እንዳበላችና ለከተማዋም ስም እንዳተረፈች ያስታውስ።