በሰው ሠራሽ ክር የተሸመኑ ጨርቆች የጉምሩክ ታሪፍ አመዳደብ

ወደ ሀገር ውስጥ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚከፈለው የጉምሩክ ቀረጥ መጠን የሚወሰነው ዕቃው በተመደበበት የታሪፍ ቁጥር መሠረት ነው። በዲምቱ፣ በወላይታ ሶዶና በሌሎች የወላይታ ዞን ከተሞች በጨርቃ ጨርቅ ንግድና በልብስ ስፌት የተሰማሩ ዜጎች በገበያ የሚጠቀሙባቸው የጨርቅ መጠሪያዎች በታሪፍ መጽሐፉ ላይ አይገኙም። ስለሆነም በገበያ ስም ብቻ ትእዛዝ የሚሰጥ አስመጪ ካሰበው የተለየ ቀረጥ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በሰው ሠራሽ ክር የተሸመኑ ጨርቆች እንዴት እንደሚመደቡ ያብራራል።

የታሪፍ ቁጥር ምንነት

የኢትዮጵያ የጉምሩክ ታሪፍ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለውና የዓለም ጉምሩክ ድርጅት በሚያስተዳድረው የተጣጣመ የዕቃዎች አገላለጽና የኮድ አሰጣጥ ሥርዓት (ኤችኤስ) ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 አኃዞች ምዕራፉን፣ 4ቱ አንቀጹን፣ 6ቱ ደግሞ ንዑስ አንቀጹን ያመለክታሉ። እስከ 6ኛው አኃዝ ድረስ ያለው ቁጥር ሥርዓቱን በሚጠቀሙ ሀገሮች ሁሉ ተመሳሳይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን አኃዞች እያንዳንዱ ሀገር ይጨምራል።

ለመመደብ የሚታዩ ነጥቦች

1. የአሠራር ዓይነት፦ ጨርቁ በድርና በማግ የተሸመነ መሆን አለበት። በሹራብ አሠራር የተሠራ ጨርቅ በምዕራፍ 60፣ ከፈይ በአንቀጽ 58.01፣ በፕላስቲክ የተቀባ ወይም የተለበጠ ጨርቅ በአብዛኛው በአንቀጽ 59.03 ይመደባል። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ እንደ ጨርቅ አይታይም፤ በምዕራፍ 61 ወይም 62 ይመደባል።

2. የክሩ ዓይነት፦ ፖሊስተር፣ ናይለንና አክሪሊክ ሲንተቲክ ይባላሉ። ከዕንጨትና ከመሳሰሉት የሚገኘው ቪስኮስ ደግሞ አርቲፊሻል ተብሎ በተለየ አንቀጽ ይመደባል። ሲንተቲኩ ያልተቆራረጠ ረጅም ጭረት (ፊላመንት) ከሆነ ጨርቁ በአንቀጽ 54.07 ይመደባል። እንደ ጥጥ ተቆራርጦ ከተፈተለ አጭር ጭረት ከተሸመነ ከ55.12 እስከ 55.15 ባሉት አንቀጾች ውስጥ ይገባል።

3. የቅልቅሉ መጠን፦ ጨርቁ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጭረቶች የተሠራ ከሆነ በክብደት ብልጫ ያለው ጭረት ምድቡን ይወስናል። ብልጫ ያለው ከሌለ በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ የሚገኘው አንቀጽ ይወሰዳል። ከጥጥ ወይም ከሌላ ጭረት ጋር ሲነጻጸሩ ምዕራፍ 54 እና 55 እንደ አንድ ምዕራፍ ይቆጠራሉ። ለምሳሌ 40 በመቶ ጥጥ፣ 35 በመቶ የፖሊስተር ፊላመንትና 25 በመቶ አጭር የፖሊስተር ጭረት ያለው ጨርቅ የጥጥ ጨርቅ አይባልም። የፖሊስተሩ ድምር 60 በመቶ ስለሆነና ከሁለቱ ፊላመንቱ ስለሚበልጥ ጨርቁ በ54.07 ይመደባል።

4. የጨርቁ ክብደት፦ 65 በመቶ አጭር የፖሊስተር ጭረትና 35 በመቶ ጥጥ የያዘ የደንብ ልብስ ጨርቅ በካሬ ሜትር እስከ 170 ግራም የሚመዝን ከሆነ በ55.13፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በ55.14 ይመደባል። በሌላ በኩል ጥጡ 60 በመቶ፣ ፖሊስተሩ 40 በመቶ ቢሆን ጨርቁ ወደ ምዕራፍ 52 ይዛወራል።

5. የቀለሙ አሠራር፦ ያልነጣ ወይም የነጣ፣ የተነከረ፣ ከተለያየ ቀለም ክሮች የተሸመነ ወይም የታተመ መሆኑ ንዑስ አንቀጹን ይለያል።

ምሳሌ፦ የዱንጉዛ ጥለት ያለው ፖሊስተር

የዱንጉዛ ጥለትን የሚመስል የፖሊስተር ጨርቅ ከውጭ ቢገባ ጥለቱ ለብቻው የታሪፍ ቁጥር አያሰጠውም። ጨርቁ 85 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቴክስቸርድ የፖሊስተር ፊላመንት የያዘ ሆኖ ጥለቱ ቀድመው ከተነከሩ ክሮች በሽመና የወጣ ከሆነ ንዑስ አንቀጹ 5407.53 ነው። ጥለቱ ከሽመና በኋላ በላዩ ላይ የታተመ ከሆነ ደግሞ 5407.54 ይሆናል። ሁለቱ ጨርቆች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ቢመስሉም፣ የጨርቁን ጀርባና የጠርዙን ክሮች በመመልከት ብዙ ጊዜ መለየት ይቻላል።

ከግዢ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው

አስመጪው ከአቅራቢው የጭረቱን ዓይነትና በመቶኛ የተገለጸ የቅልቅል መጠን፣ የካሬ ሜትር ክብደት፣ የጨርቁን ስፋትና የቀለሙን አሠራር በጽሑፍ መቀበል ይኖርበታል። እነዚህ መረጃዎች በኢንቮይሱና በዕቃው ዝርዝር ላይ በግልጽ ቢሰፍሩ፣ ናሙናም ቢያዝ፣ በፍተሻ ወቅት የሚነሱ ጥያቄዎችን በቀላሉ ለመመለስ ያስችላል። “ጨርቅ” ወይም “ፖሊስተር” የሚል መግለጫ ብቻ ለምደባ በቂ አይደለም። ዲክላራሲዮኑን የሚያዘጋጀው የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሆንም፣ ትክክለኛ መረጃ ካልቀረበለት ትክክለኛ ቁጥር ሊሰጥ አይችልም።

የአመዳደብ ልዩነት ሲፈጠር

በፍተሻ የታሪፍ ቁጥሩ ተለውጦ የቀረጡ መጣኔ ከፍ ካለ አስመጪው ልዩነቱን ከነታክሱ ይከፍላል፤ የተሳሳተ መግለጫ አስተዳደራዊ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። በውሳኔው ያልተስማማ አስመጪ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1160/2011 መሠረት ቅሬታውን በጊዜ ገደቡ ውስጥ የማቅረብ መብት አለው። ቅሬታው የጨርቁን ይዘት ከሚያሳይ ሰነድና ናሙና ጋር ቢቀርብ ለውሳኔ ያመቻል።

ከአስመጪ ወይም ከጅምላ ነጋዴ ጨርቅ የሚገዙ ቸርቻሪዎችና ልብስ ሰፊዎች የታሪፍ ቁጥር መሙላት አይጠበቅባቸውም። ሆኖም ጨርቁ ሕጋዊ በሆነ መንገድ የገባ መሆኑን ለማስረዳት እንዲችሉ የግዢ ደረሰኛቸውን ሊይዙ ይገባል። በሥራ ላይ ያለውን የቀረጥ መጣኔ ለማወቅ የሚፈልጉ ተገልጋዮች የጨርቁን ዝርዝር መረጃ ይዘው የጉምሩክ ኮሚሽንን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።