ኢብኑ ነፊስ፣ የልብ በሮችና የጨንቻ ዳገት

ዛሬ ስለ ልብ ታሪክ እናወጋለን።

በካይሮ ያገለገለው ሐኪም ኢብኑ ነፊስ እ.ኤ.አ. በ1242 በኢብኑ ሲና የሕክምና መጽሐፍ ላይ ማብራሪያ ጻፈ። ከ1,000 ዓመት በላይ የገነነው የጋሌን ትምህርት፣ ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው በግድግዳው ቀዳዳ ያልፋል ይል ነበር። ኢብኑ ነፊስ ግን ግድግዳው ቀዳዳ የለውም፤ ደሙ የሚያልፈው በሳንባ ዞሮ ነው አለ። ጽሑፉ ተረስቶ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ አገኘው።

በዚህ ጉዞ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቁት አራት የልብ በሮች (ቫልቮች) ናቸው። ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚያሳልፈው በር ሦስት ክንፎች አሉት። ከ100 ሰዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ግን ባለ ሁለት ክንፍ በር ይዘው ይወለዳሉ። ይሮጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፤ ብዙዎቹ እስከ ጎልማሳነት ምንም አይሰማቸውም። በሩ ግን በዓመታት ውስጥ ሊጠብብ ወይም ሊያፈስ ይችላል፤ በአንዳንዶች ላይ ይህ የሚሆነው ገና በወጣትነት ነው። ያኔ ልብ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ይደክማል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስንወጣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስተን 2,700 ሜትር አካባቢ እንደርሳለን። በዚያ ዳገት ማንም ያለከልካል፤ «ደጋው ነው» ብሎ ማለፍም ይቀላል። እኩዮቹ የሚወጡትን ዳገት ያቃተው፣ ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ወጣት ግን በደጋው አያመካኝ። ሕመሙ ሳይታወቅ ከቆየ ልብ ሊዳከም፣ ድንገተኛ ሞትም ሊመጣ ይችላል። ሳያውቁት ያረገዙ እህቶቻችንም የበለጠ ይጋለጣሉ።

ምርመራው የሚጀምረው በቀላል ነገር ነው። ፈረንሳዊው ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ የታማሚ ልብ አዳመጠ፤ የዛሬው የሐኪም ማዳመጫ የመጣው ከዚያ ነው። የተበላሸ በር ብዙ ጊዜ በማዳመጫ የሚሰማ የተለየ ድምፅ አለው፤ ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ደግሞ ያረጋግጠዋል። በአገራችን የሚበዛው፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በርን የሚጎዳው በሽታም በዚሁ መንገድ ይለያል።

ሕክምናውም አገራችን ገብቷል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ። በብዙ ሰዎች መዋጮም እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ።

ስለዚህ ወጣቶቻችን፣ ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ስትሄዱም «ልቤንም አዳምጡልኝ» በሉ። ባለ ሁለት ክንፍ በር በቤተሰብ ስለሚወረስ፣ አንድ ሰው ከተገኘበት ወላጆቹ፣ ወንድም እህቶቹና ልጆቹም ይመርመሩ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።