የመመሪያ እርማት በጊት ታሪክ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፥ የመሣሪያ ጥቅም የሚገኘው መመሪያው በትክክል ሲጻፍ ነው። ለዚህም የጊት ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

ጊት የኮምፒዩተር ጽሑፍ ሲለወጥ ለውጡን በየጊዜው መዝግቦ የሚያኖር ፕሮግራም ነው። ይህንንም ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጀመረው፤ በዚያው ዓመት ኀላፊነቱን ጁኒዮ ሃማኖ ተረከበ። መመሪያው ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ መዝገብ ስለሚኖር፥ የአንዲት ቃል እርማት እንኳ በማን እጅ፥ መቼና ስለ ምን እንደ ተደረገ ተጽፎ ይቀራል።

ነገር ግን ለምዝገባ የተዘጋጀው ለውጥ የሚቆይበት ስፍራ አንዴ «ካሽ»፥ አንዴ «ኢንዴክስ»፥ አንዴም «ስቴጂንግ ኤሪያ» ተባለ። አንዱ ነገር በሦስት ስም ቢጠራ ጀማሪው ሦስት ነገር መሰለው። ስለዚህ በ2008 በዚሁ አቆጣጠር፥ ልዩነትን በሚያሳየው ትእዛዝ ላይ «ካሽድ» ለሚለው ቃል «ስቴጅድ» የሚል አቻ ተጨመረለት፤ የቀድሞውም አልተሻረም።

ይህ ትንሽ ነገር አይምሰለን። «ሪሴት ሃርድ» የተባለው ትእዛዝ በፋይሎች ላይ ተሠርቶ ገና ያልተመዘገበውን ለውጥ ይጥላል፤ መመሪያው ይህን አድበስብሶ ቢያልፍ የብዙ ቀን ድካም በቅጽበት ይጠፋል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ፕሮግራሙን የሠራው ብቻ ሳይሆን፥ የተሳሳተውን መሥመር ያቀናውም የሥራው ባለቤት መሆኑን አንርሳ።