ጉደር ወንዝ (የፈጣን ውኃ ቀዘፋና ደኅንነት)

ጉደር ወንዝ፦ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚፈስ፣ ዓባይን በግራ በኩል የሚቀላቀል ገባር ነው። አምቦን አቋርጦ የሚወርደው ሁሉቃ ከመጋቢዎቹ አንዱ ነው። ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጉደር ከተማ አጠገብ ወንዙ ፏፏቴ ሠርቶ ይወርዳል፤ ስፍራው ለዕይታ እንጂ ለጀልባ አይሆንም።

የውኃውን ጠባይ የሚወስነው ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዙ ይሞላል፣ ይደፈርሳል፤ ዓለቱ ከእይታ ይሰወራል። በበጋ ደግሞ ስለሚጎድል ጀልባ ከድንጋይ ጋር ይላተማል። ለቀዛፊ የሚሻለው ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ደራሽ ጎርፍ ነው፤ እታች ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ላይኛው አገር ከዘነበ ሙላቱ ሳይታሰብ ይመጣል። ዳር ዳሩ ዛፍ በሆነበት ቦታ የወደቀ ግንድም ያሰጋል፤ ውኃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰውን ግን አጣብቆ ያስቀራል። ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ቁልቁል አስቀድሞ ይንሳፈፍ፤ በፈጣን ውኃ ውስጥ ለመቆም አይሞክር።

በ1968 እ.ኤ.አ. ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የመራው የብሪታንያ ቡድን በዓባይ ሸለቆ ባደረገው ጉዞ አንድ አባሉን ውኃ ወስዶበታል። ከአባላቱ ብዙዎቹ ወታደሮች ነበሩ። ስለዚህ ተንሳፋፊ ሰደርያና የራስ ቁር ሳያደርጉ፣ የወንዙን ጠባይ የሚያውቁ የአካባቢውን ሰዎች ሳይጠይቁ ማንም ወደ ጉደር አይግባ።