ከግመል ቅፍለት እስከ ትሬንታ ኳትሮ፦ የመንገድ ሰው ደመወዝ



መንጃ ፈቃድ ያወጣ ወንድማችን ሁሉ ይጠይቃል፦ አዲስ ሹፌር ጥሩ ክፍያ የሚያገኘው እንዴት ነው? ጥያቄው የዛሬ አይደለም። በመካ አንዲት ባለሀብት ነጋዴ ንብረቷን ወደ ሻም የሚወስድላት ሰው ስትፈልግ፣ 25 ዓመት ገደማ ለሆነው ወጣት ለሌሎች ከምትሰጠው የበለጠ ልትሰጥ ተስማማች። ነጋዴዋ እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ነበሩ፤ ወጣቱም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ)፣ ወሕይ ገና ሳይወርድላቸው በፊት። የሲራ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ሲነግሩን ስለ እውነተኛነታቸውና ስለ አማናቸው ሰምታ ነው ይላሉ። ለእሷ ሥራ አዲስ ነበሩ፤ ስማቸው ግን ቀድሞ ደርሷል። ቅፍለቱ ከወጣ በኋላ ባለንብረት ምን ያያል? ዕቃው በስንት እንደተሸጠ የሚያውቀው ይዞ የሄደው ሰው ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በደጋው የነገሥታት ግዛት ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት መሬት አልነበረውም። በ1668 ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ አዲስ ዓለም የሚባለው የጎንደር ሰፈር የሚታወሰው በዚሁ ነው። ርስት ያልነበረው ሸመነ፣ ነገደም። ጀበርቲው፣ አርጎባው፣ ወርጂው መንገድ ላይ ዋለ፤ መንገድ ላይም አደረ።

ክፍያው ከየት ይመጣ እንደነበር አሞሌ ጨው በደንብ ያሳያል። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል ወደ ደጋው ይወጣል፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ይቀጥላል። ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ገንዘብ ሆኖም ይገበያዩበት ነበር። ጨዉ ያው ጨው ነው። ዋጋውን ከፍ ያደረገው ጥሙ፣ ሽፍታው፣ የወንዙ ሙላትና በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ነው። (ዛሬም ሹፌሮቻችን "ኬላ" ሲሉ የሲራራ ነጋዴውን ቃል እየተጠቀሙ ነው።) የሸዋዋ አልዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት የሚያርፍባት የሙስሊሞች ገበያ ነበረች።

ከ1936 ወዲህ ጣሊያን መንገድ ሲዘረጋ ጭነቱ ከበቅሎ ጀርባ ወደ ፊያት መኪና ተሸጋገረ። ፊያት 634ን ሕዝባችን "ትሬንታ ኳትሮ" አለው፤ በኋላ የመጣው 682 ደግሞ "ኤንትሬ" ተባለ። ሙያው ከማን እጅ እንደተወሰደ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ቢያጆ። ትምህርት ቤቱ ረዳትነት ነበር። ጎማ መቀየር፣ ሸራ ማሰር፣ ዳገት ላይ ታኮ ይዞ መሮጥ፣ ሌሊት ጭነት ሥር መተኛት። መሪ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ሜዳ ላይ።

የአሰብ መስመር የዚህ ሙያ ትልቁ ገበያ ሆነ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ሙቀት ይወርዳል፤ ባቲም ደገኛውና አፋሩ ከጥንት የሚገበያዩባት ከተማ ናት። በ1998 ጦርነቱ አሰብን ዘጋ፤ ጭነቱ በጋላፊ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሹፌሩ ግን መስመር ቀየረ እንጂ ሥራ አልፈታም።

በዚህ ሙያ ደመወዝ ብቻውን ትልቅ ሆኖ አያውቅም፤ የሹፌርን ኪስ የሚሞላው የቢያጆ አበል ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል። አንዳንዱ ወጣት "ጥሩ ክፍያ" ሲል ከታንከር እየቀዳ የሚሸጠውን ነዳጅ ጨምሮ ይቆጥራል። ያ ክፍያ አይደለም፤ የባለንብረቱ ሐቅ ነው። እንደኔ ከሆነ ኪሳራውም ቅርብ ነው፣ ምክንያቱም መስመሩ ጠባብ ነው፤ ሚሌ ላይ የተሠራው አዳማ ሳይደርስ ይሰማል። ረዳትነትን "ዕድሜ ማባከን" የሚሉ ወንድሞችም አሉ። እኔ አልስማማም። አዲስ ልጅ ለረጅም መስመር ተሳቢ ሊቀጠር ሲመጣ ባለንብረቱ መጀመሪያ የሚደውለው ልጁ ረዳት ለነበረለት ሹፌር ነው። "ነዳጅ ላይ እንዴት ነው?" ይለዋል።