ሽለላው፣ ሳክስፎኑና የሆላንድ ጊታሮች

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተወልዶ ያደገ ሰው ሽለላንና ቀረርቶን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አንብቦ ሳይሆን ከሠርግ ዳስና ከጥምቀት ሜዳ ሰምቶ ነው። እኔም የጋይንት ተወላጅ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነፋስ መውጫ ከተማ በተደረገ የዘመድ ሠርግ ላይ፣ «መሐንዲስ እያለን ለምን ሌላ እንፈልጋለን?» ተብሎ የድምፅ ማጉያውን እንድቆጣጠር ታዘዝሁ። የማሲንቆውን ሻካራ ድምፅ እንደ ጉድለት ቆጥሬ በመቆጣጠሪያው አለዘብሁት። ሽማግሌው አዝማሪ ጥቂት ተጫውተው ደጋናቸውን አቆሙና፣ «ልጄ፣ ማሲንቆዬን ምን አደረግኸው?» አሉኝ። በዚያን ሰዓት መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ፣ ከሙዚቃችን ታሪክ ውስጥ ነው።

በ1924 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጡ። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነትም የማርሽ ሙዚቃ ያሰሙ ጀመር። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓዶች እየተስፋፉ ሲሄዱ፣ በኖታ እየተመሩ በኅብረት መንፋት የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ተቆጠረ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አድገው ግን የአገራቸውን ድምፅ ያልጣሉ አንድ ባለሙያ ነበሩ። ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተጫውተዋል። በ1949 የማዘጋጃ ቤቱን የሙዚቃ ጓድ ተቀላቀሉ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። ታላቁ ሥራቸው የጀግናውን ሽለላ በሳክስፎን መጫወታቸው ነው። ሳክስፎኑ በእሳቸው አፍ እንደ ሸላይ ጉሮሮ ይሻክራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ ይረዝማል፤ ከዚያም በድንገት ይቆረጣል።

በሌላው የዓለም ዳርቻ ደግሞ፣ በ1979 በሆላንድ አገር «ዘ ኤክስ» የተባለ የሮክ ሙዚቃ ጓድ ተመሠረተ። ይህ ጓድ ለትልልቅ የሸክላ ኩባንያዎች ሳያድር ራሱን ችሎ የሚሠራ፣ ጊታሮቹም የሚጮኹና የሚፋጩ፣ ለስላሳ ዜማ ለለመደ ጆሮ የሚከብዱ ናቸው። አባላቱ የጌታቸውን የቀድሞ ሥራዎች ሰምተው ወደዷቸው፤ በ2004 የጓዱ ሃያ አምስተኛ ዓመት በአምስተርዳም ሲከበርም በእንግድነት ጋበዟቸው። ጌታቸው ያን ጊዜ ወደ ሰባ ዓመት ይጠጉ ነበር።

እንግዲህ የታሪኩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። አረጋዊው እንግዳ ጓዱ በመድረክ ላይ ሲጫወት ካዩና ከሰሙ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ሥራቸው አጃቢዎቻቸው እንዲሆኑ የመረጡት እነዚህኑ ሰዎች ነበር። ከዚህም «ሞአ አንበሳ» በ2006፣ «የአንበሳው ትዝታ» ደግሞ በ2012 ታተሙ። በ2008 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር አብረው ተጫወቱ። ጌታቸው በ2016 እስካረፉ ድረስም ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም።

ዕድሜያቸውን በኦርኬስትራ ያሳለፉ ሰው በእነዚያ ሻካራ ጊታሮች ስለ ምን ተማረኩ? በበኩሌ ምክንያቱ ለእኛ ለመሐንዲሶች ግልጽ ሊሆን ይገባል እላለሁ። ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ብዙ ተደራቢ ድምፆችን ይወልዳል። ይህንንም በሙያችን ቋንቋ ዲስቶርሽን ብለን እንደ ጥፋት እንቆጥረዋለን። ነገር ግን የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፋተግ፣ የሸላይም ጉሮሮ ሲታነቅ የሚሰማው ድምፅ በተመሳሳይ ተደራቢዎች የተሞላ ነው። የሆላንዶቹ ጊታር ለሽለላው ባዕድ አልነበረም ማለት ነው። ይህም በሸክላ ላይ ሲደመጥ ረብሻ ሊመስል ይችላል፤ በመድረክ ፊት ለቆመ ሰው ግን ደረቱን የሚመታ ኃይል ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ የሽማግሌውን ጥያቄ ለራሴ መለስሁ፦ ጉድለት ነው ብዬ ያወጣሁት ድምፅ ራሱ ማሲንቆው ኖሯል። ጌታቸው ከባሕር ማዶ በእንግዳ ጓድ ውስጥ ያወቁትን ድምፅ፣ እኔ በአባቴ አገር አላወቅሁትም ነበር። ዛሬ በጋይንትም ሆነ በእስቴ ያለ ድምፅ ማጉያ የሚደረግ የከተማ ሠርግ ጥቂት ነው፤ መቆጣጠሪያውም የሚሰጠው ለተማረ ሰው ነው። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ሆይ፣ መሣሪያችን ያሳየንን ከማረማችን በፊት አስቀድመን በጆሯችን እናዳምጥ፤ ባለሙያውንም እንጠይቅ።