ኦፓቲያ፣ የብርድ መሸሻ ዳርቻ

በክሮኤሺያ የክቫርነር ባሕረ ሰላጤ የምትገኘው ኦፓቲያ ስሟን የወረሰችው ከቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ነው፤ ቃሉም «ገዳም» ማለት ነው። በ1844 (እ.ኤ.አ.) የሪየካው ነጋዴ ኢጂኒዮ ስካርፓ በሟች ሚስቱ ስም ቪላ አንጆሊናን አሠራ። መንደሯን የእረፍት ከተማ ያደረጋት ግን ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1873 ሪየካ ደረሰ፤ ቆይቶም የኦስትሪያው የደቡብ ምድር ባቡር ኩባንያ ቪላውን ገዛ፤ በ1884 ደግሞ ሆቴል ክቫርነርን ከፈተ። የሚገርመው፣ ያኔ እንግዳው ይጎርፍ የነበረው ለዋና ሳይሆን የቪየናን ብርድ ሸሽቶ ነው፤ ሐኪሞች የባሕር አየር ያዝዙ ነበርና። በ1889 ያኔ ይገዛት የነበረው የኦስትሪያ መንግሥት የጤና መዝናኛነቷን በይፋ አወጀ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለኢጣሊያ፣ ከሁለተኛው በኋላ ለዩጎዝላቪያ ተላለፈች። ከቮሎስኮ ተነሥቶ በኦፓቲያ በኩል እስከ ሎቭራን 12 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው የባሕር ዳር መንሸራሸሪያ ዛሬም አለ።